ከጠፋው ዲስክ የወጣው

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እቴ? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ መንትዮቹ ደህና ናቸው? እኛ ቆመን እንሄዳለን፣ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው።

ታናሻችን የታሰረው በእንጨት ሥራ ቤቱ ከአለቃው ጋር ተደባድቦ እንደሆነ ነግሬሽ ነበር። «መጀመሪያ በጣውላ የመታኝ እሱ ነው፤ ነፍሴን ላድን ብዬ ነው የመለስኩለት» ሲለን ሁላችንም አምነን ማልንለት። የሥራ ቤቱ ዘበኛ የካሜራውን ቪዲዮ በሃርድ ዲስክ ገልብጦ በድብቅ ሲሰጠኝማ ደስታዬን አልነግርሽም። ቤት ኮምፒውተር የለ፤ እማዬ «የልጄን ጥቃት በዓይኔ ልየው» ብላ ስትወተውተኝ ዲስኩን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ቴሌቪዥኑ የሆነ ነገር ጠየቀኝ፤ እኔ ችኩሉ ሳላነብ «እሺ» የሚለውን ተጫንኩ። ለካስ ፎርማት ላድርገው ወይ ነው የሚለው! ዲስኩ ባዶውን ቀረ፤ ካሜራው ላይ ያለው ዋናው ቅጂ ደግሞ በሳምንቱ በራሱ ይጠፋል። ወንድሜን በገዛ እጄ የቀበርኩት መሰለኝ። ግድግዳውን በቡጢ ስነርተው የጣቴ አጥንት ተሰበረ፤ እማዬም በመጥረጊያ እንጨት ጀርባዬን ስትለኝ ጎረቤት ገብቶ ገላገለን።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ጭኜበት እንደሆነ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። «እንግዲያው ዕድለኛ ነህ፤ የተፋቀው ማውጫው ነው፣ ቪዲዮው ከሥር አለ» ብሎ ዲስኩን ሲያስስ ዋለ። በማግስቱ ሲጠራኝ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

አየሁት እቴ። ምነው ባላየሁት! አለቃው ጎንበስ ብሎ ጣውላ ይለካል። የእኛው ልጅ ከኋላው መጥቶ ማጅራቱን በመዶሻ አለው። ሰውዬው ወድቆ እጁን ዘርግቶ ይለምናል፤ እሱ እጁን ረግጦ ፊቱን ደገመው፣ ሠለሰው። ደሙ መጋዙ ላይ ተረጨ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ሆስፒታል ነው፤ አንድ ዓይኑ ፈሷል፣ የልጆቹን ስም እንኳ አያውቅም።

ጠጋኙ «ልቅዳልህ ወይስ ላጥፋው?» አለኝ። ያንን ልጅ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ። ቅዳልኝ አልኩትና ወስጄ ለመርማሪው አስረከብኩ።

እማዬ «አንዴ ጠፍቶልን ነበር እኮ፣ ምን አስቆፈረህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ መንትዮቹንም በየጉንጫቸው። ታናሻችን ልጠይቀው ስሄድ «ወንድም የለኝም» ብሎ መለሰኝ። አንቺ ግን፣ በሞቴ፣ ወንድሜ ነህ ብለሽ ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከእናታችን ቤት፣ ሰኔ ፱ ቀን