መብረቁ አልነካውም

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ። ጠ. 3 ሰዓት
ኮምፒውተሩ እያወረደ ነው። ከመቶው ሰማንያ አንድ ይላል፤ ቁጥር መቼም አያቅተኝም። የሚወርደው፣ ደብተሬ፣ የልጄ የሰናይት የሰርግ ቪዲዮ ነው። ባለቤቴ ወርቄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሙሽሮቹን ስትመርቅ ያለችበት። ቤት የነበረው ቅጂ ተበላሽቷል። የሰናይት ባል ዳዊት ግን ያኔ ኒውስግሩፕ በሚሉት የድሮ የኢንተርኔት ሰሌዳ ላይ ቆራርጦ ለጥፎት ኖሯል። ቁራጮቹን ፈልጎ የሚሰበስብ ገጽ ከፈተልኝ። ለሙት ዓመቷ ድምጿን እንሰማለን።
ምንም እንዳይነኩ፣ ኮምፒውተሩ የሆነ ነገር ከጠየቀዎት ይደውሉልኝ አለኝ። እንግሊዝኛውን አነባለሁ አልኩት። ውሸት። የአማርኛውንም ፊደል ያስቆጠረችኝ ወርቄ ናት።

ያው ቀን፣ ከቀ. 9 ሰ.
ነጎድጓድ። በሳሪስ በኩል ጠቆረ። ሶኬቱን ሁሉ ነቀልኩ፤ ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ ኮምፒውተሩን። መብረቅ እያለ ማን ይሰካል? ሲያባራ ኮምፒውተሩን መልሼ ከፈትኩት። በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ሁለት ቁልፍ፣ ቀይና ግራጫ። የቀዩን ፊደል እዚህ እንደ ስዕል ገለበጥኩት። መደወል ነበረብኝ። አማቼ ፊት መሃይም ልባል? ቀዩን ነካሁ።
የቁራጮቹ ዝርዝር ባዶ ሆነ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ
ሁለቱም ከኮዬ ፈጬ መጡ። የነኩት ነገር አለ ወይ አለ ዳዊት። ምንም፣ ራሱ ጠፋ አልኩ። እንግዲያው ከምንጩ፣ ከሰሌዳው ላይ፣ አንስተውታል ብሎ ፍለጋውን ተወው። ሰናይት ተነሳችበት። «ስንት ዓመት ነገ አወርደዋለሁ፣ ነገ ስትል! እማዬን ሁለቴ ገደልካት!» ዳዊት አንገቱን ደፋ። እኔ እንጀራዬን ቆረስኩ። 

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ
ይህን ደብተር ይዤ ሳሪስ፣ ኮምፒውተር ጽሕፈት የሚሠሩበት ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ስዕሌን አይታ ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰርዝ ነው! ከእርስዎ ዝርዝር ነው የጠፋው፤ ምንጩ ጋ ይኖራል።» ብቻ የድሮውን እዚያም ያጸዱታል፣ ይፍጠኑ አለችኝ።
በዝናብ በእግሬ ተመለስኩ። ስልኩን አየሁት። አልደወልኩም። ሽማግሌ አይደለሁ፣ እንዴት ብዬ?

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ። ጠ. 2 ሰዓት
ሰናይት ባሏን እስካሁን አላናገረችውም። ወርቄ ብትኖር ትለኝ ነበር፦ አንተ ግትር፣ «ሀ» ሲያቅትህ ስቄብህ አውቃለሁ?
ደወልኩ። «አባባ፣ ደህና አደሩ?» አለ፣ ድምፁ ደክሞ። ላውድ አድርገው፣ ሰናይትም ትስማ አልኩት። ቀዩን የነካሁት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛም አላነብም።
 ከዚያ ሰናይት፣ «አባባዬ፣ እንዲያው ምን ይባላል!»
ስልኩ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። ዳዊት ቁራጮቹን እየፈለገ ነው። አንደኛውን አገኘሁ አለ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን…