የሚስ ቨርና ባጅ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
የቤተ መጻሕፍቱን ወለል ወለወልኩ... መልክ ያሳያል። ማታ ትምህርት ላይ አንድ ገጽ ሳልቆም አነበብኩ። "ሩፈስ፣ ጎበዝ!" አሉ ሚስ ቨርና፣ አስተማሪዬም የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊም። በስልሳ አንድ ዓመቴ! ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ። (ሦስት ነን።)

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
ዘር ሻጩ ሃስከል አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይውረድ ብሎ አመለከተ። ልጅ ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳው፣ ባለ ሥዕሉ። ወስጄ አነበብኩት፤ ብቻዬን፣ እስከ መጨረሻው! አምስት ልጅ ወልጄ ግማሹን ገና አሁን ሰማሁ... ለሚስቴ ልንገራት? ይቅር።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14
ስልክ በጮኸ ቁጥር ሚስ ቨርና ይበረግጋሉ። የሚደውለው ሁሉ በዚያ መጽሐፍ ሰበብ ይሳደባል። ምሳም አይነኩም፤ የቆሻሻ ቅርጫታቸውን ስደፋ ሳንድዊቹን እንዳለ አገኘዋለሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17
ስማቸው የተጻፈበትን ባጅ አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ጣሉት።
"ምነው?"
"ገበያ ውስጥ አንዷ በስሜ ጠርታ 'ልጅ አበላሺ!' አለችኝ። ልጆቿን ተረት እያነበብኩ ነው ያሳደግሁላት፣ ሩፈስ... በሚቀጥለው ሳምንት መልቀቂያ አስገባለሁ።"
ቀልድ ፈለግሁ። አጣሁ። እኔ!

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20
ባጁን ከመሳቢያ አውጥቼ ደረቴ ላይ ሰካሁት። ጢሜ እንዳይሸፍነው ገለጥ አደረግሁ። ሃስከል መጣ።
"ቨርና የታለች?"
"አቤት፣ እኔ ነኝ።"
"አንተ ሩፈስ አይደለህ እንዴ? አብረን አምባዛ ያጠመድን!"
"ባጁን አንብበዋ!"
አንገቱን ጠምዝዞ አየው።
"ማንበብ አቃተህ? የማታ ትምህርት አለ፣ ላስመዝግብህ?"
"አትቀልድ! እኔ የጠላሁት መጽሐፉን ነው፣ እሷን አይደለም።"
"መጽሐፉማ ምን ሆነ? ምሳ መብላት ያቆሙት እሳቸው ናቸው።"
ሃስከል ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።
ከመደርደሪያው ጀርባ ሳቅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የአፍንጫ መናፈጥ። ሁለቱንም የሚችሉ ሴት ናቸው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23
የመጽሐፉ ጉዳይ ለኖቬምበር ተቀጠረ። ስልኩም መጮሁን አልተወም። ጠዋት ሚስ ቨርና እጃቸውን ዘረጉ።
"ስሜን መልስልኝ። አንተ ላይ አያምርም።"
"በጢሜ ምክንያት?"
"ዘቅዝቀህ ነው የሰካኸው። ከሰኞ ጀምሮ!"
ለካ ሃስከል አንገቱን የጠመዘዘው... ይሁን። እሳቸው ቀና አድርገው ደረታቸው ላይ ሰኩት። ስልኩ ጮኸ። በረገጉ፤ ግን አነሱት። "ቨርና ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?"
ማታ ቅርጫታቸውን ደፋሁ። ሳንድዊች የለም። የተቀደደ ወረቀት አለ፣ አናቱ ላይ "መልቀቂያ" ይላል። ሌላውን አላነበብኩም።
መቻሉንማ እችላለሁ።