የአርባ አምስት ደቂቃው መንገድ

ለተከበሩ የአየር መንገዱ የመንገደኞች አገልግሎት ኃላፊ፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና አውሮፕላኖችዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሱሪዎን የማሳጥርልዎ፣ ኮትዎን በየዓመቱ የማሰፋልዎ ልብስ ሰፊ፣ ብዙ ከመቀመጥ የተነሳ ወገቤን ከመያዙ በቀር ደህና ነኝ። የት እንደተቀመጥኩ ከዚህ በታች በትሕትና አቀርባለሁ።

በቲኬት ቢሮዎ መስኮት ላይ በእኛ ከተማና ልጄ በምትዳርበት ከተማ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ የጉዞው ጊዜም አርባ አምስት ደቂቃ እንደሆነ በትልቁ ተጽፏል። እኔም ልጄ ገና ድክ ድክ ስትል የሠርግ ቀሚስሽን የምሰፋው እኔ ነኝ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበርና፣ ልብስ ሰፊ የቤቱን ሥራ ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ስለሚያደርስ፣ በሠርጓ ዕለት ጠዋት ቀሚሱን ታቅፌ ወደ እናንተ መጣሁ። ሰማይ የምትፈራው ታላቅ እህቴ አውቶቡስ ስትሳፈር ምን ያህል እንደሳቅኩባት አይጠይቁኝ።

፩. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይነሳል የተባለው አውሮፕላን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳ። ሠራተኛዎ በየግማሽ ሰዓቱ እየመጣች ትንሽ ብቻ እንደቀረ በፈገግታ ታበስረን ነበር፤ ያ ፈገግታ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ስድስት ሰዓት ላይ ሠርጉ ሊጀመር ሲል እህቴ ደውላ የት እንደደረስኩ ጠየቀችኝ። ያው ወንበሬ ላይ ነበርኩ።

፪. በረራው ራሱ በትክክል አርባ አምስት ደቂቃ መፍጀቱን እጄን አውጥቼ እመሰክራለሁ፤ ካፒቴኑም ሰዓት አክብረን ስለደረስን እንኳን ደስ አላችሁ ብሎናል። ያረፍንበት ማረፊያ ግን በከተማው ስም ይጠራ እንጂ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል። ይህችን ለመጻፍ መስኮቱ ጠቧችሁ ይሆናል።

፫. አዳራሹ ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ወንበር እየተሰበሰበ ነበር። ልጄ የተዳረችው የጎረቤት ቀሚስ ተውሳ፣ ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ተይዞላት ነው። እጇን ይዛ ያስገባቻትም በአውቶቡስ የሄደችው አክስቷ ናት። አለቀስኩ፤ አልደብቅዎትም። ልጄ ግን እኔኑ አባብላ ቀሚሱን ለበሰችልኝና በባዶው አዳራሽ ውስጥ ፎቶ ተነሣን። ልክክ ብሎላት ነበር።

ይህንኑ ጽፌ ባመለክት፣ የጉዞ ጊዜ የሚቆጠረው ጎማው መሬት ከለቀቀበት እስከነካበት ድረስ ብቻ ስለሆነ ምንም መዘግየት አልተመዘገበም የሚል ባለማኅተም ደብዳቤ ላኩልኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሰዓት አቆጣጠር ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በመጠበቂያ ክፍላችሁ ሦስተኛ ረድፍ ላይ የመቀመጫውን ቅርጽ ትቶ የሄደው፣
ዘወትር አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ የፊታችን ቅዳሜ የሰዓት አክባሪነት ሽልማት ሲቀበሉ የሚለብሱት ሙሉ ልብስ ከምን ደረሰ ብለው ሰው ልከውብኝ ነበር። ፈጽሞ አይስጉ፤ የሚፈጀው አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። የሚቆጠረውም መርፌው ጨርቁን ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ነው። እስካሁን አልነካም።