ገንዳው የሞላበት ሐሙስ

መጋቢት 16፣ ሰኞ፣ ረፋድ 4፡00

ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር ደቅኜ ሰዓቴን ያዝሁ። ጠብ። ቆየት ብሎ ደግሞ ጠብ። ግማሽ ሳይደርስ ተውሁት።

ደብተሬ፣ ላንቺ አዲስ ነገር አይደለም። መጋቢት ሲገባ ምንጫችን ሁሌም እንዲህ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ እየለካሁ ጽፌብሻለሁ። ከላዩ ያለው ተራራ ግን አምሮበታል። ከብት እንዳይገባበት ከተከለለ ወዲህ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ጎርፍ የቦረቦረውም ሞልቷል። ውሃው ነው ከጥር የማያልፈው።

ኃላፊዬ አቶ ስማቸው ከደ/ማርቆስ ደወሉ። ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ፣ ከማላዊ። የልምድ ልውውጥ። ድሃ አገር ከድሃ አገር ይማር የተባለው። አስተርጓሚዋ እኔ።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ክው ብያለሁ።

አቶ ስማቸው መጡ፣ ከምንጩ የሚሞላውን ገንዳ ደረቅ ሆኖ አዩ፣ ምንም አልተቆጡም። የሴቶች ማኅበር እስከ ሐሙስ ጠዋት ውሃ ተሸክሞ ይሙላው አሉ። እንግዶቹ ሲደርሱ ቧንቧው ይከፈታል። እንዴት ተደርጎ? አልኋቸው። ከቦርሳቸው ሪፖርት አወጡ። የኔው ሪፖርት። የዛሬ ሦስት ዓመት በኅዳር የጻፍሁት። «ምንጩ ተመልሷል» የሚለው የኔ ነው። «ክረምት ከበጋ ይፈሳል» የሚለውን የጨመሩት እሳቸው። ፊርማው ግን የማን ነው? የኔ። ያኔ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር፣ መጣላት ፈራሁ። ሪፖርቱን ይዘው አ/አ ስብሰባ ሄዱ፤ ለብዙ አገር ሰው ታደለ።

ያስደነገጡኝ ግን እሳቸው አይደሉም። እሺ ማለቴ ነው። ያውም እንዴት በፍጥነት! የማኅበሩ ሊቀ መንበር እማማ ድንቅነሽ ዘንድ ሄጄ፣ ከቅርብ ቅዱና ሙሉት አልኋቸው። ከየት እንደሚቀዱ እንኳ አልጠየቅሁም። ከወንዙ መስሎኝ።

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ሞላ። ሁዳዴ ነው፣ እህል ሳይቀምሱ ጀሪካን በጀርባቸው ሲመላለሱ ዋሉ። አፈርሁ። እነሱ እቴ፣ ምንም አልመሰላቸው። እማማ ድንቅነሽ እየሳቁ የድሮውን አነሱ፦ አንድ ጊዜ ለእንግዳ ሀብታም ገበሬ እንዲታይ ተብሎ የመንደሩ ላም ሁሉ አንድ ሰው ግቢ ታስሮ ውሏል። ላሞቹ እንኳ ቤታቸው ጠፍቷቸው ነበር አሉ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ምኑ ያስቃል?

መጋቢት 19፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 10፡00

ከየት ልጀምር።

ከእንግዶቹ አንዷ ግሬስ ትባላለች። በእኔ ዕድሜ። ገበሬ ናት፣ የመንደሯ ማኅበር መሪ። አቶ ስማቸው ቧንቧውን ከፈቱት፣ ውሃው ፏ ብሎ ወረደ፣ ተጨበጨበ። ግሬስ አላጨበጨበችም። ጎንበስ ብላ በእፍኟ ቀዳችና ወደ አፏ ስታስጠጋ እማማ ድንቅነሽ ተወርውረው እጇን ያዟት።

«ኧረ በልታለች! ቁርሷን በልታ የሚካኤልን ጠበል? በባዶ ሆድ ነው እንጂ!»

ውሃው ከእፍኟ ፈሰሰ። ሴቶቹ በሙሉ አማተቡ።

ለካ ወንዙ በጀርባ ለሚሸከም ሩቅ ነው። ከቅርብ ስላልሁ ከቤ/ክርስቲያኑ ጠበል ቀድተዋል፤ ለእንግዳ በረከት ነው ብለው ቄሱንም አስፈቅደዋል። እኔ የጅማ ልጅ፣ ሙስሊም፣ አምስት ዓመት ኖሬ ጠበል በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ አላውቅም። ማታለላችን ማንንም አላስጨነቀም። በልቶ ጠበል መጠጣት ግን የሚቻል አልሆነም!

ግሬስ ምን እያሉ ነው አለችኝ። አቶ ስማቸው በአማርኛ፣ ብርድ ይመታታል ብለው ነው በያት አሉ። አፌን ለዚያ ከፈትሁ። የወጣው ሌላ ነው። ውሃው የዚህ ምንጭ አይደለም አልኋት፤ ትናንት በጀርባ የመጣ ነው፤ ምንጩ በየዓመቱ ይደርቃል። ባንድ ትንፋሽ። አቶ ስማቸው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ቀጥሎ የነገረችኝን እስካሁን ማመን አቅቶኛል። አ/አ ስብሰባ ላይ ነበረች። ሪፖርቴን ይዛ አገሯ ገብታ መንደሯን ለምና ተራራቸውን አስከለለች። ሦስት ዓመት። ፍየላቸውን የሸጡ አሉ። ውሃው መጣ፣ በበጋ ደረቀ። ዋሸሽን አሏት። ያጠፋነው ነገር አለ፣ ሄጄ ልጠይቅ ብላ የመጨረሻ ጊዜ ለመነቻቸው። ባዶ እጇን ከተመለሰች ተራራውን ለከብት ይከፍቱታል።

ያጠፋችሁት የለም አልኋት። እንደኛው ሆኗል፣ ሌላ ምንም። ይህንኑ ደጋግማ አስባለችኝ።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

ግሬስ ሉማሜ ከተማ ካደረችበት መጣች። የማይደርቀውን ጠበል ልይ አለች። እማማ ድንቅነሽ ራሳቸው ወሰዷት፤ ቁርስ አለመብላቷን በር ላይ ጠይቀው። የሚካኤል ጫካ። ማንም ቆርጦት የማያውቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ውሃ። እዚያ ቆማ ወደኛ ተራራ አየች። ሣር ብቻ። ይህን ለማሳደግ ስንት ዓመት ፈጀ አለችኝ። እማማን ጠየቅሁላት። የአያቴ አያት ሲወለዱም እንዲሁ ነበር አሉ። ግሬስ ጫካውን ዞራ አየችው። ኋላ፣ ይህንንስ ብነግራቸው ይሻላል አለች፤ ሣሩ እውነት ነው፣ ውሃው የልጅ ልጆቻችን ነው። ግን የኔን ቃል ከእንግዲህ አያምኑም አለች። እውነቱን የጻፍሽበት ወረቀት ስጪኝ።

ነገ ጠዋት ትሄዳለች።

አቶ ስማቸው በሰው ልከውብኛል፦ የሚሰጥ ወረቀት ካለ በመ/ቤቱ በኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ሥራሽን እንደለቀቅሽ ቁጠሪው።

ደብተሬ፣ ከጫካው ከተመለስን ጀምሮ ሰኞዎችሽን በእንግሊዝኛ እየገለበጥሁ ነው። አምስት ዓመት። ኅዳር፣ ሞላ። ጥር፣ ቀነሰ። መጋቢት፣ ጠብ ጠብ። የሰኞውንም አልተውሁትም። የረቡዕ ጀሪካኖችንም ጻፍሁ። ከታች ስሜ፣ ከስሜ ሥር የዚያን ሪፖርት ፊርማ የመሰለ ፊርማ፤ ያው እጅ መሆኑን አይተው እንዲያውቁ።

ስልኩ እየጠራ ነው። አቶ ስማቸው ናቸው። መጀመሪያ ወረቀቱን ለግሬስ ላድርስ፣ ስልኩን ከዚያ አነሳለሁ።