ልጃችን ከበሩ ወዲያ ናት

ውድ የጫልቱ አባት፣

በሞት ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የነቀምት ዝናብ እንደምታውቀው ነው፤ ቤታችን ግን ቆርቆሮ ለብሷል። ይህን የምጽፍልህ ከሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ ነው። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ተነሥቼ እንጎራደዳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ጉቴ ከተማ የዳርናት ጫልቱ እኔ ዘንድ ናት። ወንድ ልጅ ወልዳ ሳይጠመቅ ሞተባት። ለእንዲህ ያለ ሕፃን ለቅሶ አይቀመጡምና ጎረቤቱም የጸሎት ቤቱ እናቶችም ሊያጽናኗት ብቻ ከበቧት። አንዷ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ስትል ሌላዋ መዝሙር ታነሣለች። ጫልቱ አፏን ስትከፍት «ተይ፣ ፈጣሪን ታሳዝኚያለሽ» ይሏታል። ዝም አለች። ቀጥሎ መብላት ተወች፤ ፀጉሯን ማበጠር ተወች፤ ሳይነጋ ነቅታ ግድግዳ ታያለች። ባሏ ጋኔን ነው ብሎ፣ እሑድ መጥቶ ቢላ ከተማ ወዳለ ጠንቋይ እንደሚወስዳት ልኮብኛል።

እዚህ የምትሠራ አስቴር የምትባል ነርስ ግን ጋኔንም ስንፍናም አይደለም፣ የመንፈስ ጭንቀት የሚባል ሕመም ነው አለችኝ። ሐሙስ ሐሙስ በኦሮምኛ ትጠይቃታለች፤ ከዚያ መልሱ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ዛሬም በር ዘግተው ውስጥ ናቸው። በአንድ ቀን የሚድን አይደለም ብላኛለች። ጎረቤታችን አዴ ሶሬቲ ስትሰማ «ወሬ ነው እንዴ መድኃኒቱ? እኛስ ስናወራላት አልከረምን!» ብላ ሳቀችብኝ። እናንተማ መች ተራ ሰጣችኋት አልኳት፤ ተቀየመችኝ። ትቀየም።

ጫልቱ በልጅነቷ ስታኮርፍ አንተ ምንም ሳትጠይቃት አጠገቧ ተቀምጠህ ጫማህን ትወለውል ነበር፤ በመጨረሻ ራሷ ትጀምርልሃለች። እኔ ግን፣ ተማሪ ቤት እንዳስለመደኝ፣ ቀጥ ብለሽ ተናገሪ እላት ነበር።

አሁን ድምፅ ሰማሁ። እያለቀሰች ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ልገባ እጄን ወደ በሩ ሰደድሁ፤ አትግቢ ተብያለሁና መለስሁት። ኤባ፣ ኤባ ትላለች። አንተን የምትጠራ መስሎኝ ነበር፤ «ልጄ ኤባ» ስትል ግን ገባኝ፣ ሕፃኑን ነው። ለካ ስምህን አውጥታለት፣ የሚጠይቃት ሰው አጥታ ይዛው ኖራለች።

ለባሏ ምን እንደምመልስ ሳወጣ ሳወርድ ነበር የሰነበትሁት። እሑድ ይምጣ፤ ቢላ ግን አትሄድም። ከእኛ ጋር ተቀምጦ ልጁን በስሙ እየጠራ ያልቅስ።

እኔም በሕይወት እስካለሁ፣ አንተን ባነሣሁ ቁጥር ትንሹን ኤባን አብሬ አነሣለሁ።

የጫልቱ እናት