ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

ማክሰኞ፣ ጥር 20፤ ጠዋት 2 ሰዓት

ውርጭ። የጓሮዬ ጎመን ነጭ ለብሶ አደረ። ሻይ፣ መነጽር፣ ሬዲዮ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ዛሬም ስለ አየር ንብረት ነው። ተናጋሪው ትኩረት ሊሰጠው ይገባል ይላል፤ ሊሠራበት ይገባል ይላል፤ ሊታሰብበት ይገባል ይላል። ማን ትኩረት ይስጥ? ማን ይሥራ? ማን ያስብ? አይናገርም። በሰዋስው «ባለቤት» የምንለው፣ ድርጊቱን የሚፈጽመው፣ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ሄዷል። ዘጋሁት። አንቺ ደብተር እንኳ ባለቤት አለሽ፤ የፊት ገጽሽ ላይ ስሜ ተጽፏል።

3 ሰዓት። ጎረቤቴ ዘይነባ ከምንጩ ተመለሰች። ጀሪካኗ ግማሽ ነው። ውሃው እንደ ክር ቀጥኗል አለች። ምንጩ የሚፈልቀው ከሰፈራችን በላይ ካለው ጨፌ፣ ከዚያ ርጥብ የሣር ሜዳ ሥር ነው። ጨፌው ዝናቡን ጠጥቶ ይይዛል፣ በበጋ ቀስ እያለ ይሰጠናል። ነገር ግን በየዓመቱ ዳር ዳሩን ለስንዴ ያርሱታል። ዘንድሮ ትራክተሩ መካከሉን ሊይዝ ነው የሚል ወሬ አለ። መካከሉ ከታረሰ ምንጩ አበቃ፤ የሰፈሩ ሁሉ ውሃ አበቃ። ቀበሌው አምና ተሰብስቦ ጨፌው «ይጠበቃል» ብሎ ነበር። ይኸው፣ እየተጠበቀ ነው።

ዘይነባ ግን ትስቃለች። «እትዬ የሺ፣ ላሞቼ ስብሰባ አይጠጡም!»

ሐሙስ፣ ጥር 22፤ ከሰዓት 9 ሰዓት

ጀማል (በዚህ ደብተር ጄ.) መጣ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን በዞኑ ሕዝብ ግንኙነት ይሠራል። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ግን ዛሬም ቁጭ በል ሳልለው አይቀመጥም። ጥሩ አስተምሬዋለሁ።

ጭንቀት ይዞት መጥቷል። ፕሬዝዳንቱ (ከእንግዲህ ፕ/ቱ) የካቲት 1 ሮቤ ይመጣሉ፤ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ንግግር ያደርጋሉ። የእኛ ጨፌም በምሳሌነት ይነሣል። ንግግሩ በአማርኛ ነው፤ ጄ. መድረክ ላይ ቆሞ ወደ ኦሮምኛ ይመልሳል። መረጃውን ዞኑ በኦሮምኛ ጽፎ ልኳል፤ አዲስ አበባ ያለው የንግግር ጸሐፊ በአማርኛ አሳምሮታል። አዎ፣ አሳምሮታል። ጄ. ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። አነበብሁ፦ የልደት በዓል ዝናብ በመዘግየቱ የባሌ አርሶ አደር ለችግር ተዳርጓል።

እስክስል ሳቅሁ። እኛ ባሌዎች «ገና» የምንለው በመጋቢት የሚገባውን ዝናብና እርሻውን ነው፤ ቃሉ የኦሮምኛ ነው። የአዲስ አበባው ሰው ገና የሚለውን አይቶ የጌታ ልደት መሰለው፤ ለክብሩ ብሎም ማዕረግ ጨመረለት።

«ይሄን ተርጉሜ ሼኾቹ ፊት ስቆም ይታይዎት» አለ ጄ.።

«ቄሶቹም አይምሩህም» አልሁት፤ «በልደት ቀን ባሌ ላይ ማን አርሶ ያውቃል ብለው።»

እሱ የፈለገው ያቺን መስመር ብቻ እንዳርምለት ነበር። ወረቀቱን ሙሉውን ትተህልኝ ሂድ አልሁት። አንድ መስመር ብቻ አርሜ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥር 23፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ቀይ ቀለም ይዤ ተቀመጥሁ። ለጸሐፊው ፍትሕ ልስጠው፤ ድምፀቱ ያማረ ነው፣ ቃል አመራረጡ የተማረ ነው። ስለ ሀብታም አገሮች የጻፈው ገጽ እንከን የለውም። ያደጉት አገሮች አየሩን በከሉ፤ ፋብሪካዎቻቸው ጭሱን ለቀቁ። ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ፣ ሁሉም በቦታው። እውነትም ነው፤ የእኛ የሲናና ወረዳ ገብስ አራሽ ያጨሰው ጭስ የለም።

ገጹን ገለጥሁ። አሁን ወደ እኛ ሥራ መጣን። ደን ይጠበቃል። ችግኝ ይተከላል። ጨፌው ይጠበቃል። ሁሉም ተገብሮ! አንድም የሚሠራ ሰው የለም!

ጥፋት ላይ ባለቤት አለ፤ ሥራ ላይ ባለቤት የለም። ይህን ከሥሩ አሰመርሁበት። እኛን ሰዋስው ያስተማሩን መምህር ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር የጻፈ ተማሪ ባለቤቱን እስኪያገኝ ግድግዳ ሥር ያቆሙ ነበር። በእሳቸው ሕግ ቢሆን ዛሬ ስንቱ ቢሮ ቆሞ በዋለ።

«ጨፌው ይጠበቃል» የሚለውን ሰረዝሁ። «ጨፌውን እንጠብቃለን» ብዬ ጻፍሁ። ቀለል አለኝ። ምሳ በላሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24፤ ከገበያ መልስ

ጄ. ለንግግር ጸሐፊው ደወለ፤ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ድምፁ የልጅ፣ ጠባዩ ጨዋ ነው። ስለ ገና ደጋግሞ አመሰገነ፣ ወዲያው አስተካክለዋለሁ አለ። ሌላው ግን አይሆንም። እንጠብቃለን ከተባለ ነገ ተጠያቂ ይመጣል አለ። እሱን ነው የምፈልገው አልሁት። እማማ፣ አይረዱትም አለኝ። እማማ! የልጁ እናት እኔን ታውቀኛለች? ወ/ሮ የሺ እባላለሁ አልሁና ስልኩን መለስሁ።

የገዛሁት ሽንኩርት ግማሹ የበሰበሰ ነው። ዛሬ ሁሉም ነገር አስቀየመኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27፤ ከሰዓት 10 ሰዓት

ለዝግጅቱ ሲባል ራሱ ጸሐፊው ሮቤ መጣ፤ ጄ. ቤቴ ድረስ ይዞት ገባ። በስስ ጃኬት! ሮቤ ላይ፣ በጥር! የሟች ባለቤቴን ጋቢ አለበስሁት። ጠላትም ቢሆን እንግዳ አይበርደውም።

ክርክር ጀመርን። እሱ፣ ንግግር እንጂ ፈተና አይደለም ይላል። በየትም አገር መሪዎች ስለ አየር ንብረት ሲናገሩ እንዲህ ነው፤ ሥራውን ያሳያሉ፣ ሠሪውን አያሳዩም ይላል። እንግዲያው ሁሉም ወደ ክፍሌ ይምጡ አልሁት። ጄ. ሳቁን ዋጠ፤ አየሁት።

በቃል አልሆነም። ጨፌው ድረስ ወሰድሁት። የከተማ ጫማው እስከ ማሰሪያው ሰመጠ፤ በዚህ በበጋ እንኳ! ቀጥሎ የአምናውን እርሻ አሳየሁት። እርሻው ርጥቡን ሣር ገምሶ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ይህ ፈር» አልሁት፣ «ራሱን አረሰ?»

ጫማውን ከጭቃው እየነቀለ፣ ወረቀቱ ከበላይ ጸድቋል፣ እኔ አልነካውም አለ። ማን ይነካዋል አልሁ። የሚያነበው ብቻ አለ።

ጋቢውን አጣጥፎ መለሰ። የሚያነበው ብቻ። ይህን ቃል ይዤ ገባሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 29፤ ንጋት 12 ሰዓት

ጉድ! ጉድ! ያረምሁትን ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብሁ ነበር። ጨፌውን እንጠብቃለን። ደግሜ አነበብሁ። እንጠብቃለን ማለት ሌባ እንዳይነካው እንጠብቃለን ነው። እንጠብቃለን ማለት ደግሞ እንደ አውቶቡስ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን ነው! ባለቤቱን አስገብቼ ግሱን ሳላየው!

በነጠላ ጫማ ወደ ዘይነባ አጥር ሮጥሁ። ላም እያለበች ነው። በኦሮምኛስ እንዴት ነው አልኋት። ያው ነው አለች፤ «ኤጉ» ከብት መጠበቅም ነው፣ አውቶቡስ መጠበቅም ነው። ነገሩ ሲገባት ጡቱን ለቅቃ ሳቀች። «ያረቢ! ለመጠበቅማ እኛን ማን ይችለናል!»

ስለዚህ አዲስ ቃል። እንከልለዋለን። አጥር ቁጭ ተብሎ አይታጠርም። ወይ ታጥሯል፣ ወይ አልታጠረም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1፤ ከሰዓት 11 ሰዓት



ጠዋት ሜዳው ሞልቷል። ከጎባ፣ ከዲንሾ በሚኒባስ መጥተዋል። ጄ. ከሽማግሌዎቹ ረድፍ አስቀመጠኝ፤ እባክዎ እትዬ፣ ሰላምታ ብቻ ብሎ ለመነኝ። ቃል አልገባሁለትም፤ ስለዚህ አልዋሸሁትም።

ፕ/ቱ እየጨበጡ መጡ። ከኋላቸው ጄ. በዓይኑ ይማጸነኛል። ተራዬ ደረሰ። ክቡር ፕሬዝዳንት፣ አልሁ፣ ንግግርዎ ውስጥ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር አለ፤ ጨፌውን ማን እንደሚከልለው አልተጻፈም።

እጄን አልለቀቁም። «መምህርት ነበሩ?»

«ነኝ» አልሁ።

ሳቅ ብለው አለፉ። አበቃ አልሁ በልቤ። ለአንዲት አሮጊት ፈገግ ማለት ለሹማምንት ቀላል ነው።

ንግግሩ ተጀመረ። ገናው ተስተካክሏል፤ ሼኾቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ሀብታም አገሮች ሲያነቡ ጭብጨባ፤ እኔም አጨበጨብሁ። ከዚያ ወደ እኛ ገጽ መጡ። ደን ይጠበቃል። ችግኝ ይተከላል። ጄ. እየተከተለ ይመልሳል። ጨፌው ይ...

ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። አንዲት መምህርት «ማን?» ብለው ጠይቀውኛል አሉ፤ ወረቀቱ ላይ መልሱን አጣሁት አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው፦

«እኛ እንከልለዋለን። የዞኑ አስተዳዳሪ ይኸው እዚህ አለ። እናንተም አላችሁ። ገና ሳይገባ እንከልለዋለን።»

ጄ. አልተንተባተበም። ድምፁ የተማሪነቱ ድምፅ ነበር፣ ግጥም የሚያነብበት ድምፅ። «ኑቲ ደላን መርስና!» እኛ፣ በአጥር፣ እንከብባለን! ሜዳው ፈነዳ። ወንዶቹ አላሁ አክበር፣ ሴቶቹ እልልታ። አስተዳዳሪው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ? ዘይነባ ትከሻዬን ይዛ ትዘላለች። እኔ በአደባባይ እልል የምል ሴት አይደለሁም። ዛሬ ግን እልል አልሁ።

ስወጣ የንግግር ጸሐፊው አጠገቤ መጣ። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ። ወ/ሮ የሺ አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፤ ጠዋት 4 ሰዓት

እውነት ልጻፍ፦ በመድረክ የተነገረ ቃል አጥር አይደለም። ግን ሰኞ ዕለት የትራክተሩ ባለቤት ጨፌውን ለማየት መጥቶ ነበር። ዘይነባ መንገድ ላይ ቆማ፣ ማን እንደሚከልለው አልሰማህም እንዴ አለችው። ሰምቷል፤ ሬዲዮ ሁሉ ነግሮታል። ተመለሰ! አምና «ይጠበቃል» ትራክተር መልሶ ያውቃል?

ዞኑም ደነገጠ። ከነገ ወዲያ ገመድ ይዘረጋል፣ ካስማ ይመታል ብለው... አይ! ምን ነካኝ! የዞኑ ሰዎችና ሽማግሌዎቹ ገመድ ይዘረጋሉ፣ ካስማ ይመታሉ። ራሴን ግድግዳ ሥር ማቆም አለብኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5፤ ከሰዓት 8 ሰዓት

ሽማግሌዎቹ ድንበሩን ወሰኑ። በክረምት እግር የሚሰምጥበት ሁሉ ጨፌ ነው አሉ። ትክክለኛ ፍርድ ነው። ከእነሱ የሚበልጥ ቀያሽ የለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ይከርራል። የገብስ ማሳዬ ጨፌው ጫፍ ላይ ነው። ምርቱን እኩል እየተካፈልን የሚያርስልኝ ገመቹ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዞሮ አይቶ መጣ። በዚህ ፍርድ ገመዱ የታችኛውን ማሳዬን ይቆርጣል። የታችኛው ጥቁሩ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲዘገይ እንኳ የሚያበቅለው እሱ ነው። በጡረታዬ ላይ ተጨምሮ ዓመቱን የሚያደርሰኝ የዚያ ማሳ ገብስ ነው።

ገመቹ ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፌ ላይ ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆች አሉት። «እትዬ፣ ጀማል ልጅዎ ማለት ነው። ገመዱ እርስዎ ማሳ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቢጎብጥ ማን ያያል?»

ሂድ፣ ነገ ና አልሁት። እውነቱን ነው፣ ማንም አያይም። ካዩም ማንም አይናገርም፤ ያከብሩኛል። በሩን ዘግቼ ያን ማሳ በልቤ ደጋግሜ አጨድሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6፤ ጠዋት 1 ሰዓት

ገመቹ በማለዳ መጣ። ተቀመጥ አልሁት፤ ሻይ ቀዳሁለት፤ ነገርሁት። ገመዱ አይጎብጥም። የአንተ ድርሻ እንደ አምናው ሙሉ ነው፤ የሚጎድለው ከእኔ ድርሻ ይጎድላል።

ሻዩን አስቀመጠና፣ እትዬ፣ ለእርስዎ ምን ይቀራል አለኝ። ውሃ አልሁት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። የሚገርመው፣ ደብተሬ፣ ከልቤ ነው። ቅዳሜ ከሰማሁት እልልታ ይህ ይበልጥብኛል።

ጄ. በሞባይል ደውሎ ነበር፤ ሰዎቹ ካስማ ጭነው ከዞኑ ተነሥተዋል። ገመዱን ከየት እንጀምር ብለው ይጠይቃሉ አለ። ከእኔ ማሳ አልሁት። ደግሞ ጠየቀ፤ ደገምሁለት።

ዘይነባ ከአጥሩ ወዲያ ትጮኻለች፤ መኪናው መጣ ነው የምትለው። መዶሻ ይዣለሁ። የባለቤቴ ቦቲ ለእግሬ ይሰፋል፣ በሁለት ካልሲ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ቀደመችን ብለው ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ። የመጀመሪያውን ካስማ እኔ