«ሜዞን» የተባለው ቃልና የሥራዬ ነገር

ይድረስ ለምወድህ ወንድምጋሼ አምሐ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? አብረውህ የሚኖሩት ጌቱና አብዶስ ደህና ናቸው? እኔና እማዬ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። በስልክ ብነግርህ ስለምታቋርጠኝ ነው የጻፍኩልህ።

«እስከ መስከረም ሥራ ካላገኘሽ ቤቱን አከራይተሽ እማዬን ይዘሽ ነይ» ብለኸኝ ነበር። እማዬ ይህን ከሰማች ወዲህ ምግብ እንቢ አላት። እኔም ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት የፈረንሳይኛ መምህር ይፈልጋል ሲባል ሮጬ አመለከትኩ።

ፈተናው እንዲህ ነው። አመልካቹ አንድ ቃል በዕጣ ያወጣል፤ ቃሉንም ፈታኞቹን እንደ ተማሪ ቆጥሮ በአሥር ደቂቃ ያስተምራል። ለእኔ «ሜዞን» ደረሰኝ፤ ቤት ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ተነሳሁና እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ጤና እንዴት ነው እያልኩ ሁሉንም በየተራ በፈረንሳይኛ ጠየቅኳቸው። ሦስት ደቂቃ በሰላምታ አለቀ። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ሽማግሌው ጋሽ ከበበው፣ እየሳቁ ሁላችንም ደህና ነን፣ የታመመው ሰዓትሽ ነው አሉኝ።

ያኔ እልህ ያዘኝ። ሜዞን ግድግዳና ጣሪያው ነው፤ በውስጡ ያለው ቤተሰብም ነው፤ ስመ ጥር የንግድ ድርጅትም ሜዞን ይባላል፤ ምግብ ቤት «ፌ ሜዞን» ብሎ ከጻፈ ደግሞ ምግቡ እዚያው የተሠራ ነው ማለት ነው እያልኩ አስረዳሁ። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ሶሬቲ፣ አባታቸው እዚሁ ሰፈር ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሴት ናቸው፣ አንድ ሰው ወደ ሜዞን ልሂድ ቢል የማን ቤት እንደሆነ በምን ይታወቃል ብለው ጠየቁኝ። የማን እንደሆነ ካልተናገረ የራሱ ነው አልኳቸው። መልሴን ወረቀታቸው ላይ ጻፉ። በሳምንቱ ደውለው ተቀብለንሻል አሉኝ።

ስለዚህ አንመጣም፤ አትቀየመኝ። ያን ዕለት ማታ የላክልኝን መልእክቶች ወደ ኋላ እየሄድኩ አነበብኳቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ የምትኖርበትን «ክፍሌ» እንጂ አንድም ቀን «ቤቴ» አላልከውም። «ቤት እንዴት ነው?» ብለህ ስትጠይቅ ግን ሁልጊዜ የእኛን ነው። ወንድምጋሼ፣ ስታስተምረኝ ኖረሃል፤ አሁን እኔም ደሞዝተኛ ነኝ። መምጣት ያለብህ አንተ ነህ።

ለጌቱና ለአብዶ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሲና እጅ ነስታለች። እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ አልጋህን አንጥፋ ጨርሳለች፣ ቀኑን ብቻ ንገረን ትላለች።

እህትህ ቤተልሄም
ሀና ማርያም፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ
ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.